የጾመኛዋ ልጄ ፋሲካ

ልጄ አምስት ዓመት ሳይሞላት ጾመኛ ሆነች። እኔ አላስጾምኳትም፤ አባቷማ ጭራሹን ጴንጤ ነው። ራሷ ናት የጀመረችው፤ ያውም በጥቅምት ወር፣ በማክሰኞ ቀን፣ ምንም ጾም በሌለበት።

የሆነው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው። የአንዲት ልጅ ልደት ኖሮ ኬክ ተቆርሶ ሲታደል፣ የእኔዋ ሁለት እጇን ወደ ኋላ ደብቃ «እኔ ጾመኛ ነኝ» አለች። መምህርቷ ስቃ ኬኩን ለሌላ ልጅ ሰጠችው። ከሰዓት ልወስዳት ስሄድ «ልጅሽ እንዴት ያለች መንፈሳዊ ናት!» ብላ አቀፈችኝ። እኔ በንዴት ጆሮዬ ጋለ። ይህችኑ መምህርት መስከረም ላይ ደጋግሜ ሄጄ ለምኛታለሁ። ልጄ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ ምንም የወተት ዘር ከቀመሰች ጉሮሮዋ እንደሚዘጋ፣ እጃችን ላይ ልትሞት እንደምትችል ነግሬያታለሁ። የሰጠችኝ መልስ «አይዞሽ፣ ልጅ ሲያድግ ይተወዋል» የሚል ነበር፤ ዞር ሳልል ብስኩት በወተት ነክራ የምታቀርብ ሴት ናት። ሞት ብዬ ያላስጣልኳትን ነገር ልጄ ጾም ብላ አስጣለቻት። ወደ ቤት ስንሄድ ማን እንዳስተማራት ጠየቅኋት። «እትዬ ጾመኛ ነኝ ስትል ማንም አይጨቀጭቃትም» አለችኝ።

እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በእናት ቦታ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። እኔ ዲላ ተወልጄ ያደግሁ የነጋዴ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከሰሜን ሸዋ መጥተው ከፈቱት ሱቅ ውስጥ ዛሬም ሳሙናና የላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ። ባለቤቴ የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ግብርና ቢሮ ይሠራል፤ ቡና ሲደርስ አሪቻና ሬኮ ወደሚባሉት የቡና ቀበሌዎች ሲመላለስ ይከርማል። እናቱ ያሉት ደጋው ላይ፣ ቡሌ ነው። ስንጋባ የእሱም የእኔም ዘመዶች በሃይማኖት የተነሳ አኩርፈውን ነበር፤ ልጅ ስትወለድ ሁሉም ታረቀ። ልጂቱ የሁሉም ሆነች። የሁሉም የሆነን ልጅ ደግሞ ሁሉም ላብላ ይላል።

በሽታው መጀመሪያ የታየው ቡሌ ላይ ነው። በእግሯ ሳትቆም አያቷ ይዩዋት ብለን ይዘናት ወጣን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር መኪናው አንድ ቦታ ላይ አራግፎን የቀረውን በእግር ሄድነው፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። አማቴ በደስታ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ለዚያ ቀን ያስቀመጡትን ለጋ ቅቤ አናቷ ላይ አደረጉላት፤ ከዚያ ትኩስ ወተት በማንኪያ አቀመሷት። ትንሽ ሳይቆይ ከንፈሯ አበጠ፣ ቅቤው የወረደበት ግንባሯ በሽፍታ ተሞላ፣ ትንፋሿ ማፏጨት ጀመረ። የተሰበሰበው ዘመድ ተከፋፈለ። አንዱ ቡዳ ነው አለ። አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ልትቆርጥ ወጣች። አማቴ እጃቸውን ጭነው መጸለይ ጀመሩ፤ እኔ በልቤ እመቤቴን እማጸናለሁ። ልጂቱ ያንን ሁሉ አስመለሰችና ቀስ በቀስ መተንፈስ ጀመረች። ያዳናት የእኔ ጸሎት፣ የእኔ መድኃኒት ነው የማይል ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ተደጋገመባት። በገንፎ ታመመች፣ በዳቦ ታመመች፣ ቅቤ የነካ ማንኪያ ስትልስ ታመመች። አዋሳ ወስደን ያሳየናት ሐኪም የላም ወተት አለርጂ ነው አለን። እኔ ስሙን ሳገኝ የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር። ስሙ ጭራሽ ጠላቴ ሆነ። በእኛ ከተማ አለርጂ ማለት አቧራ ሲሸተው የሚያስነጥሰው ሰው በሽታ ነው። ሱቅ ቆሜ ለደንበኛ ሳስረዳ «የወተት አለርጂ?» ብለው ይስቃሉ። «ወተት ማጣት እንጂ ወተት ሰው ገድሎ ያውቃል?» አለችኝ አንዷ፤ ሳሙናዋን ሳልጠቀልል ሰጠኋት።

ከሁሉ የሚያነደኝ ግን የአማቴ ነገር ነበር። በቅዳሜ ገበያ ወደ ዲላ በወረዱ ቁጥር ቅቤ በኮባ ጠቅልለው ይመጣሉ። የሚሉትም አንድ ነው። «ትንሽ ትንሽ ስጪ። ልጅቷ ወተት ስላልለመደ ነው። ሰውነት ይለምዳል።» ሴቷን ልጅ በወንድ እያወሩ፣ በደግ ፊታቸው እያዩኝ። ክፋት ቢኖራቸው በቀላሉ እጣላቸው ነበር። እየወደዷት ሊገድሏት ነው እያልኩ ባለቤቴ ላይ እጮኻለሁ፤ እሱ ደግሞ ለእናቱም ለእኔም ሳይወግን መስክ ይወጣል። ያንን ቅቤ በሄዱ ማግሥት ለጎረቤት አድላለሁ፤ እጄን ታጥቤ፣ ደግሜ ታጥቤ፣ ከዚያ ነው ልጄን የማቅፋት።

እንግዲህ ልጄ ያንን የጾም ዘዴ ያገኘችው እኔ እንዲህ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኼ ምንም ባላመጣሁበት ዘመን ነው። ዘዴው በአንድ ሰሞን ሰፈሩን አዳረሰው። ስናስረዳቸው የማይገባቸው ሰዎች ጾም ሲባሉ ገባቸው። በጴንጤዎቹ ቸርች ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የባለቤቴ ጓደኛ ሳይቀር ብስኩት ሲያድል እሷን እየዘለለ «ይህቺ የኦርቶዶክሷ ናት» ይላል። ማክሰኞ የምን ጾም ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መልሱን የሰጡት እትዬ ናቸው። «ስለት አለባት» አሉ፤ ሰፈሩም ስለት አለባት ብሎ ተቀበለ።

ይህ መስመር ሳይስት ላስቆመው ብዬ አጥሩን ዞሬ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። ምስር እየለቀሙ ነበር።

«እትዬ፣ ስለት አይደለም። በሽታ ነው፤ ስንቴ ነግሬዎታለሁ።»

«አውቃለሁ እንጂ ልጄ።»

«ስለት አለባት አሉ ሲባል ሰማሁ።»

«በሽታ ስለሆነ አይደል የተሳልሽላት? ደግ አደረግሽ። ለሰው አይነገርም ብለሽ ከሆነ እኔ አፌን እይዛለሁ።»

ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ተውኩት። ደግሞም እውነቱን ለመናገር ተጠቅሜበታለሁ። እትዬ የጾም ድስትና የፍስክ ድስት የሚለዩ ሴት ናቸው፤ ማማሰያቸው ሳይቀር ለየብቻ ነው። ልጄ ጾመኛ ናት ካሉ በኋላ ለእሷ የሚሰጧት ሁሉ ከጾሙ ወገን ሆነ። በዲላ ከተማ ከእኔ ማድ ቤት ቀጥሎ፣ ያለ ሐሳብ ልጄን የምተውበት ቤት የእሳቸው ብቻ ነበር። አማቴ ደግሞ ወሬው ቡሌ ሲደርሳቸው ቅቤያቸውን ይዘው በአዘቦት ቀን ወረዱ። «የእኛን ልጅ ጾመኛ አደረግሽ ይባላል» አሉኝ፤ በዚያች ቀን እንጀራውንም ሳይነኩ ሄዱ። ባለቤቴ ማታውን «እናቴን አስቀየምሻት» ሲለኝ፣ ልጅህ በሕይወት ስላለች ይቅርታ ብዬ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አዲስ አበባ አንዲት የሕፃናት ስፔሻሊስት እንዳለች ሰምተን እኔና ልጄ ሄድን። ቀኑን ሙሉ አውቶብስ ውስጥ ልጂቱ እንዳትራብ ቆሎና ድንች ቋጥሬ፣ ሌላ ሰው ብስኩት እንዳይሰጣት በዓይኔ እየጠበቅሁ ነው የደረስኩት። ዶክተሯ የልጄን ክንድ በወተት ጠብታ ነክታ በመርፌ ጫር አደረገችው። ጥቂት ቆይቶ ቦታው እንደ ባቄላ አበጠ።

«እናት፣ ብዙ ልጆች እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል» አለችኝ። «የእሷ ግን ጠንከር ያለ ነው፤ እሱን ተማምነሽ እንዳትቀመጪ።»

ያቺ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ትዝ አለችኝና ከንፈሬን ነከስኩ።

«መድኃኒት የለውም?»

«አሁን ውጭ አገር የሚሞክሩት ሕክምና አለ። ከአንዲት ጠብታ ወተት ይጀምሩና ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ሰውነትን ማለማመድ ነው።»

እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ ደሜ ፈላ። ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ነጭ ጋወን ከለበሰች ሴት አፍ የሰማሁት የአማቴን ቃል ነው! ዶክተሯ ፊቴን አይታ ያልገባኝ መስሏት ደግማ አስረዳችኝ። ጠብታው የሚሰጠው በሆስፒታል ነው፤ ድንገት ቢያማት የሚወጋው መርፌ ተዘጋጅቶ፣ ሐኪም አጠገቧ ቆሞ፣ ልኩ በጥንቃቄ እየተለካ ነው፤ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ እንዲያም ሆኖ ለሁሉም ልጅ አይሳካም።

«እዚህስ?» አልኳት።

«እዚህ ገና ነው። ምናልባት ከጥቂት ዓመታት በኋላ። ቤት ውስጥ ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት።»

ድንገት ካገኛት መወጋት ያለባትን የመርፌ ስም ጽፋ ሰጠችኝ፤ አድሬናሊን። ልጄ ክንዷ ላይ ያበጠውን እያየች ሁሉንም ስታዳምጥ እንደነበር ልብ አላልኩም።

ወደ ቤት ስመለስ ግማሽ ልቤ ተስፋ፣ ግማሹ እልህ ነበር። አንድ ቀን ይመጣል የተባለ ነገር መኖሩ ደስ ይላል። ግን «ገና ነው» የሚሉት ቃል እንዴት ያለ ቃል ነው! መንገዱ ገና ነው፣ ውኃው ገና ነው፣ ኔትወርኩ ገና ነው፤ የልጄም ትንፋሽ ከእነሱ ጋር ተሰለፈ። ባለቤቴ የነገርኩትን ሁሉ ሄዶ ለእናቱ ተናገረ። ሁዳዴ በገባበት ሰሞን፣ በአንድ ቅዳሜ ገበያ አማቴ ፊታቸው በርቶ ደጃፌ ደረሱ።

«እኔ ምን አልኩ? ዶክተር ራሱ እንደኔ አለ!»

«በሆስፒታል ነው እማዬ፤ በሐኪም እጅ ነው ያለችው» አልኳቸው።

«ሐኪም እጅ አለው፣ እኔ እጅ የለኝም?»

የባሰው ግን ባለቤቴ ነበር። አንድ ጠዋት ሱቅ ስከፍት ተከትሎኝ መጣና፣ አንድ ጠብታ ብቻ፣ በውኃ በርዘን፣ ሆስፒታል በር ላይ ቆመን ብንሞክርስ አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ነበር። ዓይኑን ሳየው እንዳልሆነ ገባኝ። «እስከ መቼ እንዲህ ትኖራለች? ነገ ትልቅ ሰው ትሆናለች፤ አንቺ በየደረሰችበት ምጣድ ልታጥቢ ነው?» አለ። እኔም የምፈራው ይህንኑ ስለነበር በእጥፍ ጮኽኩበት። ደንበኛ ሁሉ ቆሞ ሰማን። ያን ቀን ሳይሰናበተኝ መስክ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ጠብታ አላነሳም።

ሁዳዴ ስለነበር እኔ ትንሽ አረፍኩ። ሰው ሁዳዴ ከበደኝ ሲል እኔ ምነው ዓመቱን ሙሉ በሆነ እላለሁ። በግቢያችን ዙሪያ ያለው ቤት ሁሉ ሽሮና ጎመን፣ ዘይትና ሱፍ ነው። ልጄ እትዬ ቤት ገብታ እንደልቧ ትበላለች፤ አንድ ቀን እንኳ ከንፈሯ አላበጠም። ጉንጯ ሞላ። ስትስቅ ድምጿ በአጥሩ ላይ ያልፋል። እንዲህ ሆና ትደግ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ እል ነበር።

የፋሲካ ለት ጠዋት ባለቤቴ ከጎረቤት ወንዶች ጋር በጓሮ በግ ይገፋል፤ የእሱ ሃይማኖት ባይጾምም በጉን አይጠላም። እኔ የልጄን ዶሮ በዘይት ለብቻው እየሠራሁ ነበር። እሷ በአዲስ ቀሚስ ደጃፍ ላይ ቆማ ያየኋት አሁን ነው ስል የለችም። ከእትዬ ቤት ሳቅ ሰማሁ። ልቤ ምንም አልነገረኝም፤ እትዬ ቤት እኮ ነው።

ትንሽ ቆይቶ እትዬ ራሳቸው ስሜን እየጠሩ ጮኹ። ድስቱን ጥዬ ሮጥኩ። ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ይዛለች። ፊቷ ሁሉ ቀልቷል። ሰሐኑ ላይ ዶሮ ወጥ አለ፣ አጠገቡ አይብ።

«ጾሟን ላስፈታት ብዬ ነው!» ይላሉ እትዬ። «ስለቷን ፈጸመች ብዬ፣ እኔ ላስገድፋት ብዬ!»

እሳቸው በደግነት አስበውበታል። አንዲት ሕፃን ያን ሁሉ ጊዜ ስትጾም ኖራ የመጀመሪያዋን የፍስክ ጉርሻ ማጉረስ ለእሳቸው በረከት ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አረፍ እንኳ ሳይሉ ለእሷ ብለው ትኩስ አይብ አውጥተዋል። ልጄም የምታምናቸው ሴት «በይ የእኔ ጾመኛ፣ ጾሙ ወጣ!» ሲሏት አፏን ከፈተች። ለመሆኑ ለምን አትከፍት? ጾም እንደሚወጣ ታውቃለች፤ እትዬ ሁልጊዜ ሲጾሙ ኖረው ሁልጊዜ ይፈታሉ። የእሷ እንደማይፈታ እኔ ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፤ ግን በበዓል ቀን ማን ያስታውሳል?

ባለቤቴ ደም በነካ እጁ አቅፏት ወጣ። በፋሲካ ጠዋት መንገዱ ጭር ብሏል። አንድ ባለባጃጅ የበዓል ሸሚዙን ለብሶ ቤተሰቡን ጭኖ ሲመጣ ባለቤቴ መሐል መንገድ ላይ ቆመበት። ሰውየው ምንም ሳይጠይቅ ሚስቱንና ልጆቹን አውርዶ ወሰደን። ልጄ እጄ ላይ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ቀጠነ። ሆስፒታል በር ላይ ከባጃጁ ሳልወርድ «አድሬናሊን! አድሬናሊን!» እያልኩ ነበር የምጮኸው። ተረኛዋ ነርስ ቅንጣት አልዘገየችም፤ ጭኗ ላይ ወጋቻት። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች፤ ቀጥላም አለቀሰች። እንደዚያ ለቅሶ ያማረ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

እዚያው አደርን። በማግሥቱ እትዬ የፋሲካ ነጭ ልብሳቸውን ሳይቀይሩ አልጋው ግርጌ ተቀምጠው እንባቸውን ያፈሳሉ። ደግሜ ደጋግሜ ነግሬያቸው ነበር እኮ! እሳቸውም ሰምተውኝ ነበር፤ የሰሙትን ሁሉ ግን የሚያስገቡበት አንድ ሳጥን ብቻ ነው ያላቸው፣ እሱም ጾም ነው። አማቴ ከሰዓት በኋላ ከቡሌ ደረሱ፤ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ። የልጅቱን ግንባር ዳሰሱ፣ ተንፍሰው ተቀመጡ፣ ከዚያ እትዬን ቀና ብለው አዩና «ሙሉ ጉርሻ?» አሉ። «ሙሉ ጉርሻ ማን ይሰጣል? እኔ ትንሽ አልኩ እንጂ!» ሳቅም ለቅሶም በአንድነት መጣብኝ፤ ተነሥቼ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ።

ስመለስ ሁለቱ አሮጊቶች አንዳቸው ለሌላኛቸው ነጠላ እያለበሱ ነበር። ልጄ ነቅታለች። ስኳር የበዛበት ሻይ ይዤላት መጥቼ ቀስ እያልኩ አስጎነጨኋት።

«እማ» አለችኝ፣ ድምጿ ሻክሯል። «ያቺ ዶክተር ያለችው መድኃኒት መቼ ነው የሚመጣው?»

በፍርሃት የጠየቀች መሰለኝ። ጸጉሯን እየደባበስኩ «አይዞሽ፣ ሁለተኛ አይነካሽም» አልኳት።

«እሱን አይደለም። ነጩ ነገር፣ አይቡ…»

«እ?»

«ይጣፍጣል።»

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እኔም በዚያ ሁሉ ንዴቴ ውስጥ የምጽናናው በዚህ ብቻ ነበር። ወተት ምን እንደሚል አታውቅም፤ ስለዚህ ምንም አልጎደለባትም፤ የጎደለብን እኛ ነን እያልኩ እተኛ ነበር። ልትሞት የደረሰችበት ጉርሻ ግን ጣፍጧት ኖሯል። ከንፈሯ ገና እብጠቱ አልወረደም፤ ዓይኖቿ ግን ትናንት ቀምሳ የተነጠቀችውን እየፈለጉ ነበር።

«መቼ ነው?» ብላ ደገመች።

እትዬን አየሁ፣ አማቴን አየሁ፣ በሩ ላይ የቆመውን አባቷን አየሁ። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት። «አላውቅም» አልኳት። ልጄ በታመመችባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የምቆጣው ሰው አጣሁ።